ቡናውን ያዳነው ቦይ

ጥቅምት 4፣ ከቀትር በኋላ
ዛሬም ዘነበ። ማስታወሻዬ፣ አንቺም ረጥበሻል፤ ጣሪያው ያፈሳል። በዚህ ወር ሰማዩ መክፈት ነበረበት። ቡናችን ግን ማድረቂያው አልጋ ላይ ላስቲክ ለብሶ ያልበዋል። ካልደረቀ ይሻግታል። ት/ቤት 9ኛ ክፍልን ስለ ሰሐራ በረሃ አስተማርኩ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ጭቃ ሆኜ። ተማሪዎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

ጥቅምት 6፣ አመሻሽ
ደቦ ዋለ። ጎርፉ ቡና እንዳይነካ የሰፈሩ ሰው ከአልጋዎቹ በላይ ቦይ ቆፈረ። ጎደሬ ቀቅዬ አበላሁ። ሁሉም ደስ ብሎት ሄደ፤ ባሌ ሳሙኤል ከሁሉም በላይ።

ሲሄዱ ቦዩን ተከትዬ ወጣሁ። በፊት ውሃው በአልጋዎቹ መሃል አልፎ ወንዝ ይገባ ነበር። አሁን የመጨረሻውን አልጋ፣ የኛን፣ አልፎ ይዞርና ከአማቴ ቤት በላይ ተረተሩ ላይ ይፈሳል። እዚያ መሬቱ ተሰንጥቋል፤ ጣቴ ይገባል። ውሃው ሲገባ አየሁ፣ ሲወጣ አላየሁም። ልጄ ሊዲያ የምትተኛው እዚያ ቤት ነው፣ ከአያቷ ጋር። ልቤ አልወደደውም።

ጥቅምት 8
ስንጥቁ ዛሬ እግሬን ዋጠ። የአማቴ በር አልዘጋ ብሏል፤ እርጥበት ነው ይላሉ። ጓሯቸው ምንጭ ፈልቋል፣ ድፍርስ። ውሃ ደጄ ድረስ መጣልኝ ብለው ጌታን አመሰገኑ። እኔ ይህን የመሬት መንሸራተት ሳስተምር ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስዬዋለሁ፦ ውሃ የጠገበ ተራራ፣ ቀስት ወደ ታች። ከቀስቱ ጫፍ ቤት ስዬ አላውቅም።

ቦዩ ይደፈን አልኩ። ሳሙኤል ተቆጣ። ደቦ የሠራውን አንድ ሰው አያፈርስም፤ ያፈረሰ ሲቸግረው ማን ይደርስለታል? አለ። እውነቱን ነው፣ ያ ነው ያናደደኝ። የደቦው አባት ጋሽ ታደሰ ጋ ሄድኩ። ቡናው ይድረቅና እናየዋለን አሉ። መምህርት መጽሐፍ አብዝታለች ብለውም ቀለዱብኝ። ተራራ ቡና እስኪደርቅ ይጠብቃል? ፈራሁ። በጣም ፈራሁ።

ጥቅምት 9፣ ጠዋት
አማቴን ለመንኩ። እምቢ። ቤታቸውን ጥለው ከተማ ቢገቡ ከምራቷ ተጣልታ ወጣች ይባላል። ሳሙኤልም ደገፋቸው። ሊዲያን ብቻ ይዤ ሚዛን ከተማ ወረድኩ። ባለሱቋ ወ/ሮ ዘይነባ ምንም ሳትጠይቅ ተቀበለችልኝ። ልጄ አያቴስ እያለች አለቀሰች። ምን ልበላት?

ጥቅምት 10፣ 10 ሰዓት
በጌጫ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። ት/ቤት አልሄድኩም። ሳሙኤልን እጁን ይዤ ተረተሩ ላይ አወጣሁት። በግድ። ትናንት ቀጥ ብላ የነበረች ዋንዛ ዘማለች። ስንጥቁን አየ። ቁልቁል የእናቱን ጣሪያ አየ።

«ቦዩን ከኛ አልጋ በላይ እንበሳው» አለ። «ውሃው እንደ በፊቱ ወንዝ ይገባል፤ የሚሄደው የኛ ቡና ብቻ ነው።»

ቡናው የዓመት ልፋታችን ነው። ደቦውም ይቀርብናል፤ ከእንግዲህ ብንጠራ ማንም ላይመጣ ይችላል። ይህን ከኔ ይልቅ እሱ ያውቃል። እናቱን ግን አልለመናቸውም፣ አዝሏቸው ወጣ። እስከ መንገዱ እያጉረመረሙ ሄዱ። አሁን ባጃጅ ላይ ናቸው፣ ወደ ሊዲያ።

ከመስኮት አየዋለሁ። አልጋው ጋ ቆሞ ላስቲኩን ገለጠ። ቡናው ሊደርቅ ትንሽ ነበር የቀረው። አንድ እፍኝ አነሳ፣ አሸተተ፣ መልሶ አፈሰሰው። ዝናቡ ጀመረ። አንዱን ዶማ እሱ ይዞታል፣ ሌላው በር ላይ ነው። እኔም ልወጣ ነው።