ከቅዳሜ በኋላ ይነበባል

ይድረስ ለወንድምዓለም ዋለ፤ ጅቡቲ።

እንደምን ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? የጅቡቲ ሙቀትስ ትንሽ ረገብ አለልህ? ያ ጎንህን ይወጋህ የነበረው ሕመም ተሻለህ ወይስ እንደ ልማድህ እየደበቅኸን ነው? አብሽር፣ ሁላችንም በሕይወት አለን። ደህና ነን ብዬ ግን አልጽፍልህም። በስልክ “እማዬን አዳልጧት እግሯን ትንሽ አመማት” ያልኩህ ውሸት ነው። “ልጄን በሰው አገር አታስደንግጪው” ብላ ስላስማለችኝ ነው። እውነቱን ወደ ጅቡቲ በሚመላለሰው ሾፌር በቢተው እጅ በሚደርስህ በዚህ ወረቀት አንብበው። አትናደድ አልልህም።

ነሐሴ ሃያ ሁለት፣ ሐሙስ ዕለት፣ ከወረዳ አንድ ደብዳቤ ደረሰን። የክረምቱን መውጫ የአየር ጠባይ የሚናገር ነው። ከዓርብ እስከ እሑድ በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ ከባድ ዝናብና ኃይለኛ ነፋስ ስለሚጠበቅ ሕዝብ ሜዳ ላይ እንዳይሰበሰብ ያስጠነቅቃል። የቀበሌው ጸሐፊ እኔ አይደለሁ? ማኅተም መትቼ ተቀበልኩት። የግብርና ባለሙያው ጀብሪል አነበበውና ተያይዘን ሊቀመንበሩ አቶ አስናቀው ዘንድ ገባን። ቅዳሜ አዲሱ የትምህርት ቤት ክፍል ሊመረቅ፣ እንግዶች ከደሴ ሊመጡ ነው፤ በግ ተገዝቷል፤ ድንኳን ተከራይቷል። አቶ አስናቀው ወረቀቱን ግማሽ እንኳ ሳያነብ መለሰልኝ።

“ከቅዳሜ በኋላ ይነበባል” አለ።

ጀብሪል “ወላሂ፣ ጋሼ፣ የሚናገረው እኮ ስለ ቅዳሜ ነው!” ቢለው፣ “በክረምት ዝናብ እንደሚዘንብ አንተ ልትነግረኝ ነው?” ብሎ አፌዘበት።

እኔስ? እኔማ ወረቀቱን ፋይል ውስጥ ከተትኩ። ይባስ ብሎ እናቶችን የመጥራቱ ሥራ የእኔ ስለነበር እማዬን “ነጩን ቀሚስሽን ልበሽ፤ ፊት ለፊት ትቀመጫለሽ” አልኳት። እንግዶቹ ፊት ባዶ ወንበር እንዳይታይብኝ ብዬ እናቴን አስቀመጥኩ። ይህን ስጽፍልህ ራሴን እጸየፋለሁ።

ቅዳሜ እስከ አምስት ሰዓት ፀሐይ ነበር። እንግዶቹ ዘግይተው መጡ። ንግግሩ ሲጀመር በዓባይ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። ጀብሪል ጎንበስ ብሎ በጆሮው ቢነግረው አቶ አስናቀው ማይኩን እንደጨበጠ “ዝናብ በረከት ነው፤ ማንም እንዳይነሳ!” አለ። ሰዉም አጨበጨበ። ጭብጨባው ሳያልቅ ነፋሱ መጣና ድንኳኑን እንደ ነጠላ ገለበው። የመሐሉ የብረት ምሰሶ ተነቅሎ በፊተኛው ረድፍ ላይ ወደቀ። የእማዬ ጭኗ ተሰበረ።

እንግዶቹ መኪናቸው ውስጥ ገብተው ነበር። መስኮቱን እየደበደብኩ “እናቴን! እስከ መካነ ሰላም ብቻ አድርሱልኝ!” ብዬ ለመንኩ። አንዱ መስታወቱን ትንሽ ዝቅ አድርጎ “ቦታ የለንም” አለኝ። ዋለ፣ በዓይኔ ነው ያየሁት፤ ከጎኑ ባለው ወንበር ላይ እኛው የሰጠነው የማር ማሰሮ ተቀምጧል። እንዳይደፋ ብለው በቀበቶ አስረውታል። እማዬን ጎረቤታችን ጋሼ አራጌና የሰፈር ጎረምሶች በቃሬዛ ተሸክመው፣ በዚያ ጭቃ ሁለት ሰዓት ተጉዘው ነው ሆስፒታል ያደረሷት።

ሰኞ አቶ አስናቀው አስጠራኝ። የቅዳሜው በግ ተርፎ ቢሮው ውስጥ ይበላ ነበር። ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ “‘ድንገተኛ የተፈጥሮ አደጋ ነው፤ ቀድሞ የደረሰን ማስጠንቀቂያ የለም’ ብለሽ ሪፖርት ጻፊ። ያቺንም ወረቀት አጥፊያት” አለኝ። እናቴ እንዴት አደረች እንኳ አላለም። እኔ ግን እንደሆነው አድርጌ ጻፍኩት። ደብዳቤውን ፋይል ውስጥ የከተትኩት እኔ መሆኔንም አልደበቅኩም። ጀብሪል በምስክርነት ፈረመ፤ ወረዳ ድረስ ራሴ ወስጄ አስገባሁት። በማግስቱ የቢሮውን ቁልፍ ተቀበሉኝ። ከወረዳም እስካሁን “እናየዋለን” ከሚል በቀር የሰማሁት የለም።

እማዬ ወደ ቤት ከተመለሰች በኋላ፣ የእንቁጣጣሽ ማግስት፣ ያ ሰው ፎቶ አንሺ አስከትሎ አንድ ካርቶን ጁስ ይዞ መጣልህ! አልጋዋ አጠገብ ቆሞ ካርቶኑን ከፍ አድርጎ ፈገግ አለ። እማዬ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችና “አስናቀው፣ እኔ ሙሽራ አይደለሁም። ካርቶንህን ይዘህ ሂድ” አለችው። እሱ ግን ሳያፍር እኔን አጠገቧ አቁሞ ፎቶ ሊያስነሳኝ ፈለገ። በሩን ከፍቼ አሳየሁት።

ሲወጣ ስለ ወረቀቱ ሁሉንም ነገርኳት። ሰማችኝና “ብትነግሪኝስ መች እቀር ነበር? አንቺ ጠርተሽኝ!” አለችኝ። ልታጽናናኝ ብላ ነው፤ እኔን ግን ከስድብ በላይ ቆረጠኝ።

ሐኪሙ እስከ ገና በምርኩዝ ትሄዳለች ብሏል። ባቄላውን ነፋሱ አስተኝቶታል፤ ስንዴው ተርፏል።

እማዬ ጉንጭህን ስማሃለች፤ ሥራህን ጥለህ እንዳትመጣም ብላለች። ታናሻችን ሀይማኖት ስምንተኛ ክፍልን አልፋለች፤ ናፍቆቷ የትየለሌ ነው። ጋሼ አራጌ “ጠንክር በሉት” ብለውሃል። ጀብሪልም ሰላምታው ይድረስህ ይላል። እኔ ግን የእማዬን ቃል አፍርሼ ልለምንህ፤ ለጥቂት ቀንም ቢሆን ና። መልስ ፍለጋ እዚህ መካነ ሰላም እየተመላለስኩ ወረዳው በር ላይ ብቻዬን ስቆም የሚያዩኝ እንደ እብድ ነው።

እህትህ ሰብሌ
መካነ ሰላም፣ መስከረም 9 ቀን 2018 ዓ.ም.