ለምርቃት የተዘረጉ እጆች

ለተከበሩ የወረዳችን የሕዝብ ተሳትፎ አስተባባሪ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤ ከጉና የሚወርደው ብርድ የቢሮዎን መስኮት አልፎ እንዳልነካዎ፣ ጤናዎም እንደ ሪፖርትዎ ያማረ እንደሆነ ተስፋ በማድረግ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ ደብረ ታቦር ብከርምም፣ ያደግሁባት ቀበሌ ሰዎች ከዋሻ ውሃ ወንዝ ማዶ እንዳሉ አሉ፤ መሻገሪያ የላቸውምና የት ይሄዳሉ?

አንደኛ፣ «ሥልጣን ወደ ሕዝብ ወርዷል፤ የሚሠራላችሁን ራሳችሁ ምረጡ» ብለው በየካቲት ስለሰበሰቡን እናመሰግናለን። ሥልጣኑ ወርዶ ወርዶ የት ላይ እንደቀረ ባናውቅም፣ ወንዙን እንዳልተሻገረ ግን እርግጠኞች ነን።

ሁለተኛ፣ ያን ቀን ሕዝቡ ድልድይ ሲል እርስዎ አዳራሽ ሲሉ ዋሉ። እማማ ሙሉ ተነሥተው፣ «ልጄ፣ ነፍሰ ጡር በቃሬዛ ስንሸከም የሚያቆመን ወንዙ ነው እንጂ የመሰብሰቢያ ማጣት መች ሆነ» ማለታቸውን ያስታውሳሉ። ከዚያ ቄስ ዓለምነው እንደ ወጉ ስብሰባውን በምርቃት ሊዘጉ ሲነሡ፣ ሰው ሁሉ እጁን ዘርግቶ አሜን አለ። ቃለ ጉባኤዎም እነዚያኑ እጆች ቆጥሮ፣ አዳራሹ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ አለ። ሽማግሌ ሲመርቅ እጁን የሚሰበስብ ሰው በአገራችን ስለሌለ፣ አንድም ተቃውሞ አለመመዝገቡ አያስደንቅም። ወሬ አያመልጠኝምና፣ የእጆቹን ፎቶ አሳድገው ቢሮዎ ውስጥ እንደሰቀሉትም ሰምቻለሁ። አምሮበታል አሉ።

ሦስተኛ፣ አዳራሹም አምሯል፤ ባለ ሁለት ክንፍ የብረት መዝጊያው ብቻ ያስቀናል። ይኸው ሐምሌ ገባ፣ ወንዙ ሞላ። የአብሮ አደጌ የማሬ ሚስት ዝናሽ ወሯ ገብቷል፤ ጤና ጣቢያው ደግሞ ከወንዙ ወዲህ ነው። ማሬ ጠዋት ማታ እየወረደ ውሃውን በዱላው ይለካል፤ ትናንት ዱላው መሬት አልነካም። አዳራሹ ውስጥ ትውለድ እንዳንል፣ በሩ ላይ «ለስብሰባ ብቻ» የሚል ወረቀት ለጥፈዋል።

አራተኛም ነበረኝ፤ ሐሳቤ ዝናሽ ዘንድ ሄደና ጠፋኝ።

ስላዳመጡን ሳይሆን ስለቆጠሩን ምስጋናዬን እያቀረብሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሣ፣
ብርቱካን ምናለ
ከደብረ ታቦር

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን ሳላሽገው ማሬ ደወለ። ዛሬ ረፋድ ምጧ መጣ። ጎረምሶቹ የአዳራሹን መዝጊያ ነቅለው፣ ወንዙ ከሚጠብበት ላይ ከቋጥኝ ቋጥኝ አጋደሙት፤ ዝናሽም በላዩ ተሻግራ ሴት ልጅ በሰላም ተገላግላለች። ስለዚህ በሩ ተሰረቀ ብለው ፖሊስ አያድክሙ። ይመለስ የሚሉ ከሆነ ሕዝቡን ይሰብስቡ። እንመጣለን፤ ቄስ ዓለምነውም ይመርቃሉ። እጃችን ግን ከጋቢያችን አይወጣም።