የማይደርቅ አጎዛ

ደብረ ብርሃን፣ ጥቅምት 1955 ዓ.ም.

ይድረስ ለእናቴ ለአማቴ፤

እንደምን ሰነበቱ እማማ? ጉልበትዎ እንዴት አደረገልዎ? የአንኮበር ጉም አይስማማውምና ማለዳ ለኪዳን ሲነሡ ደህና አድርገው ይልበሱ። እኛ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለን። ልጅዎም ደህና ነው፤ ሱቁ ውስጥ የስፌት መኪናውን ሲያንቀጫቅጭ ይውላል። እኔ ግን ደክሞኛል። ሌላ የምነግረው ሰው ስለሌለኝ ለእርስዎ ልጻፍልዎ ብዬ ነው።

ነገሩ የልጆቹ መኝታ ነው። ወርቅአገኘሁ አሥራ አንድ ዓመት ሊሞላው ነው፤ አሁንም መኝታው ላይ ይሸናል። ታናሹ ዘርአ ዳዊትም እንደዚያው። የሚተኙበትን አጎዛ አጥቤ አሰጣለሁ፣ የሚለብሱትን ባና አጥቤ አሰጣለሁ፤ የዚህ አገር ፀሐይ ብርሃን እንጂ ሙቀት የለውም፣ ሳይደርቅ ይመሻል። እጄ በውርጭ ተሰነጣጥቆ ሊጥ በነካሁ ቁጥር ያቃጥለኛል። ማታ ማታ ውኃ ከለከልኋቸው፤ ጠበል አስጠመቅኋቸው፤ ምንም አልለወጠም። ካቻምና ለፋሲካ መጥተው ሳለ ሳለቅስ አይተው ያሉኝን አልረሳሁትም። «አትቆጫቸው ልጄ፣ ከአባታቸው የወረሱት ነው። እሱም እስኪጎረምስ እንዲሁ ነበር፤ አባቱም፣ የአባቱም እኅት እንዲሁ ነበሩ። ጊዜው ሲደርስ ራሱ ይተዋቸዋል» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ወንዶቹን ተቆጥቼ አላውቅም።

ባለፈው ጥር ደግሞ ወለተሐናን ላኩልኝ። የጎረቤትዎ የታንጉት ልጅ መሆኗን፣ እናቷ መሞቷን፣ አባቷንም እንደማታውቀው አስነግረው፣ «ሴት ልጅ የለሽምና እንደ ልጅሽ አሳድጊያት» አሉኝ። ደስ ብሎኝ ተቀበልኋት። ዝምተኛ ናት፤ ካልጠሯት አትመጣም፣ ካልሰጧት አትበላም። ብዙም ሳትቆይ የእሷም አጎዛ ረጥቦ አደረ። የእናቷ ሐዘን ነው፣ የመንገዱ ብርድ ነው ብዬ ታገሥሁ። አልቀረም። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ግን አቃተኝና ለልጅዎ፣ «ለመስቀል ወደ አንኮበር የሚሄድ ሰው ካገኘሁ ልጅቷን ለእማማ ልመልሳት» አልሁት። የስፌት መኪናውን አቆመ። ጨርቁን ጨርቁን እያየ፣ «አንቺ እንዳልሽ» አለኝ። ቀና ብሎ አላየኝም።

በዚያው ሰሞን ጎረቤቴ በሰለች፣ «አሳፍሪያት፣ ያን ጊዜ ትተዋለች» ስትለኝ ዘንቢሌን አንሥቼ ወደ ገበያ ወጣሁ። ስመለስ በሰለች እርጥቡን አጎዛ በልጅቷ ጀርባ ላይ አስራ በየደጁ ታዞራታለች። የሠፈሩ ልጆች «ሽንታም! ሽንታም!» እያሉ ይከተላሉ። የእኔ ሁለቱ አጥር ሥር ተሸጉጠው ያለቅሳሉ። እኔ አፌን ሳልከፍት ልጅዎ ከሱቁ ወጣ፤ መርፌው ከነክሩ ኮቱ ላይ ተሰክቷል። አጎዛውን ፈትቶ በገዛ ትከሻው ላይ ጣለና፣ «በሉ እኔን ስደቡኝ! ከእኔ ነው የመጣባት!» ብሎ ጮኸ።

በሰለች በንዴት የተናገረው መስሏት ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ከዚያ ወዲያ ልጅቷን ደህና አድርጌ አየኋት። ስታፍር እንደ ዘርአ ዳዊት የታችኛውን ከንፈሯን ትነክሳለች። ከትልቁ ታንሳለች፣ ከትንሹ ትበልጣለች። አባባ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ታመው ልጅዎ ክረምቱን እናንተ ዘንድ የከረመ ጊዜ፣ እኔ ወርቅአገኘሁን እያጠባሁ እዚህ ብቻዬን ነበርሁ።

ደብዳቤ የሚያነቡልዎ የደብሩ አለቃ መሆናቸውን አውቃለሁና ከዚህ የበለጠ አልጽፍም። ነገር ግን ልውቀስዎ። ስለ ወንዶቹ ዘር ቆጥረው የነገሩኝ እማማ፣ ስለ እሷ ለምን ዝም አሉኝ? የማን ልጅ እንደሆነች ሳላውቅ ልመልሳት ተነሥቼ ነበር እኮ!

ልጅዎን አልጠየቅሁትም፤ እሱም ምንም አላለኝም። እህል አቀርብለታለሁ፣ ይበላል፣ እጁን ታጥቦ ይወጣል። መጣላትም ጉልበት ይፈልጋል፤ እኔ ዘንድ የተረፈ ጉልበት የለም። አንዳንድ ቀን ግን አጎዛዎቹን እሱ ቀድሞ አጥቦ፣ አጥሩ ላይ ተሰጥተው አገኛቸዋለሁ።

ልጅቷን አልመለስኋትም። የነገሩኝን ለእሷም ነገርኋት፤ «ጊዜው ሲደርስ ይተውሻል፣ ወንድሞችሽንም ይተዋቸዋል» አልኋት። ወንድሞችሽ ስላት ቀና ብላ አየችኝና መልሳ አቀረቀረች።

ትምህርት ቤት ሲከፈት ከወንዶቹ ጋር ወሰድኋት። መዝጋቢው ስሟን ጠየቀኝ፣ ነገርሁት። የአባቷን ስም ጠየቀኝ። ከኋላዬ የተሰለፉት ሰዎች ማጉረምረም ጀመሩ። ከዚያ፣ «ከልጆቹ ጋር አንድ ነው፤ እንደ እነሱ ጻፈው» አልሁት። ጻፈው።

የታንጉት ሙት ዓመት ሲቃረብ ይላኩብኝ። ጌሾውንና ብቅሉን እኔ አዘጋጃለሁ። ልጅቷን ይዤ እመጣለሁ፤ ልጅዎም ይመጣል። እሱ ባይል እንኳ እኔ አመጣዋለሁ።

አምላክ ጉልበትዎን ያበርታልዎ፤ ዕድሜዎን አርዝሞ የልጆቹን ወግ ማዕረግ ያሳይዎ።

ምራትዎ፣
የሦስቱ የልጅ ልጆችዎ እናት