ስምንት ገጽ ለሃሴት

ኦክቶበር 7፣ ማክሰኞ
ኦበርን ከተማ፣ ዕቃ የምናሽግበት መጋዘን ዋልኩ። ካርቶን፣ ቴፕ፣ ካርቶን። ምሳ ሰዓት አብራኝ የምትሠራው ጓደኛዬ ሃሴት እየሮጠች መጣች። ሮቢ በጽሑፍ ሊሞክራት ነው! ባለፈው በኮሚክ፣ በሥዕላዊ ታሪኮች ባዛሩ ላይ ሁለታችንንም ያናገረን የአሳታሚ ኤዲተር።

«ስምንት ገጽ ጻፊ አለኝ። አጭር፣ ግን የሚያልቅ ታሪክ።»

እኔ ዓመታት የለፋሁበትን ረጅም ታሪክ ስሰጠው «ኦኬ፣ አየዋለሁ» ብሎ ቀረ። እሷ መጻፍ የጀመረችው አምና… ያውም እኔን አይታ። «እንኳን ደስ ያለሽ» አልኳት። ጥርስ ባዳ ነው።

ኦክቶበር 10
ምግብ አልበላ አለኝ። ቅናት ነው እንዴ? አዎ። ቅናት ነው።

ኦክቶበር 18፣ ቅዳሜ
ስካይዌይ ሰፈር፣ ሃሴት ቤት። ስክሪፕቷን አነበብኩት። ጥሩ ነው… አናደደኝ። ገጽ አምስት ላይ ግን ልጅቷ አባቷን ስትሰናበት ወሬ በወሬ ነው። ለሥዕሉ ቦታ የለም። ንግግሩ ወጥቶ የአባትየው እጅ ብቻ ቢታይ ያስለቅሳል። ወዲያው ታየኝ።

«እንዴት ነው? እውነቱን ንገሪኝ፣ ማንዬ።»

«ግሩም ነው። እንዳትነኪው።»

አቅፋ ሳመችኝ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ኖቬምበር 4፣ ማክሰኞ
ሮቢ ኮል አደረገልኝ!

«ሶ፣ የሃሴትን ስክሪፕት ያነበብሽላት አንቺ ነሽ አይደል? ገጽ አምስትን ምን አልሻት?»

«ጥሩ ነው… አልኳት።»

ለካ ልማዱ ነው። አዲስ ጸሐፊ ሲያገኝ ረቂቁን ማን እንዳነበበለት ይጠይቅና፣ ለዚያም ሰው ይደውላል።

«ንግግር በዝቶበት ነበር። እንድታስተካክለው መለስኩላት፣ አስተካከለችው፣ ተቀብለናታል። ሃሴት ያንቺ ዓይን ሻርፕ ነው ስላለችኝ ቀጥሎ አንቺን ልሞክር ነበር። ኤኒዌይ… ቴክ ኬር።»

ዕድሌን በገዛ እጄ!

ኖቬምበር 5
ሃሴት መጋዘኑ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«ደወለልሽ?»

«ደወለ። አልሆነም።» ከዚያ ከአፌ አመለጠኝ። «ገጽ አምስት እንደማይሆን አይቼ ነበር፣ ሃሴት። ቀንቼ ነው።»

«አውቃለሁ። እዚያ ገጽ ላይ ስትደርሺ ፊትሽ ተለዋወጠ። ለዚያ አይደል ሮቢ ሲመልስልኝ ያልደነገጥኩት።»

«ታዲያ ስሜን ለምን ሰጠሽው?»

የሥራ ጓንቷን ማጥለቅ ጀመረች። ቀና ብላም አላየችኝ።

«ያየሽውን ለኔ ባትነግሪኝም ለሱ ትነግሪዋለሽ ብዬ ነዋ።»