ስለ ቆረጥኩት አጎበርና ስለ ልጅቷ እግር

ለጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ቀን፦ ግንቦት 19

ጉዳዩ፦ ከአጎበር ዕደላ የተሰረዘው ቤታችን እንዲመለስና የአጎበሩ አሠራር እንዲሻሻል ስለመጠየቅ

የተከበሩ ኃላፊ፣

1. እኔ አመልካች አርባ ሁለት ዓመት ልብስ ስሰፋ ኖሬ፣ ዓይኔ ክር ማስገባት እምቢ ሲለኝ ቤት የዋልኩ ሽማግሌ ነኝ። ይህ ሦስተኛው ማመልከቻዬ ነው። የፊተኞቹን መዝገብ ቤትዎ «ይቆዩ» ብሏል፤ በኔ ዕድሜ ግን መቆየት ብዙ አያዋጣም።

2. ከሦስት ዓመት በፊት መሥሪያ ቤትዎ አንድ አጎበር ሰጠን። ስሰቅለው ጫፉ መሬት ለመሬት ተጎተተ። ከእጄ የወጣ ልብስ መሬት ጠርጎ አያውቅምና፣ ማንንም ሳልጠይቅ አንድ ክንድ ከስንዝር ቆርጬ ዘመዘምኩት። ጎረቤቱ ሁሉ «እጅዎ ይባረክ» አለኝ። ከቁራጩም ለልጅ ልጄ አሻንጉሊት ትንሽ አጎበር ሰፋሁ። ለካ ያ የተጎተተው ፍራሽ ሥር የሚወተፈው ኖሯል!

3. በአጎበሩ የምትተኛው ይህችው የልጅ ልጄ ናት፤ አሁን ስድስት ዓመቷ ነው። ተኝታ ስለምትራገጥ ፌንጣ እላታለሁ። አጎበሩን ባሳጠርኩ በዚያው ወቅት ሁለት ጊዜ ወባ ጣላት። በመጀመሪያ ትንኟን፣ ቀጥሎ ጎረቤቱን፣ ቀጥሎ መሥሪያ ቤትዎን ከሰስኩ። መቀሴ ጋ ለመድረስ አንድ ወር ፈጀብኝ። አሻንጉሊቷ ግን እስከ ዛሬ ደህና ናት።

4. ከዚያ በኋላ ከአሮጌ አንሶላ ሁለት ክንድ ግርጌው ላይ ቀጠልኩበት። ትንኝ ከሥር መግባቷ ቀረ። ያላሰብኩትም ተጨመረልኝ፤ ቀድሞ ፌንጣ እግሯን መረቡ ላይ ለጥፋ ስትተኛ ትንኟ ውጭ ቆማ በቀዳዳው ትነክሳት ነበር፤ ወፍራሙን አንሶላ ግን አልቻለችውም። ሁለት ዓመት እፎይ አልን። አሁን መረቡ አርጅቶ ላዩ ተበሳስቷል፤ መድኃኒቱም ለቋል። ባለፈው ወር ወባ ለሦስተኛ ጊዜ ያዛት። እስካሁን ደረጃ ስትወጣ እንድደግፋት እጇን ትሰጠኛለች፤ ድሮ ድጋፍ ፈልጌ እጄን የምሰጣት እኔ ነበርኩ።

5. በዚህ መሃል ለአዲሱ የአጎበር ዕደላ የቤት ለቤት መዝጋቢዋ መጣች። ዞር ዞር ብላ አይታ፣ «አባባ፣ ይሄ አጎበር ነው ቀሚስ?» አለችኝ። «ሙሽራ ናት፣ ልጄ፤ ዛሬ ልንድራት ነው» አልኳት። ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ «ቆርጠው ለሌላ አገልግሎት አውለዋል» ብላ ጻፈች፤ ቤታችንም ተሰረዘ። መቁረጤ እውነት ነውና እሷን አልወቅስም። ቀልዱን ትቼ አንሶላውን ባስረዳኋት ኖሮ!

6. ስለዚህ ቤታችን ወደ መዝገቡ እንዲመለስ፣ ወደፊት የሚታዘዙ አጎበሮችም ግርጌያቸው እግር እስከሚነካው ድረስ ወፍራም ሆኖ እንዲሰፋ በትሕትና እጠይቃለሁ። የሚወተፈው ክፍል ደግሞ በሌላ ቀለም ይሁን፤ እንደኔ ያለ አውቃለሁ ባይ ሽማግሌ መቀስ እንዳያነሳበት።

7. የቆረጠ ይቀጣ ከተባለ ከዕደላው እኔን ይዝለሉኝ። ደረቅ ሥጋዬን ትንኟም አትመኘው። ፌንጣ ግን መቀስ አልያዘችም፤ ዝናቡ ሳይገባ በራሷ ስም ትመዝገብልኝ።

ከደከመ፣ ግን ካልተቀየመ ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ልብስ ሰፊው፣ የፌንጣ አያት

አባሪ፦ ከቁራጩ የተሰፋ የአሻንጉሊት አጎበር፣ አንድ። ባለቤቷ ፌንጣ ያዋሰችን ለማሳያ ብቻ ነው፤ አሻንጉሊቷ ያለ አጎበር እያደረች ስለሆነ ቶሎ እንዲመለስላት ታሳስባለች።