የባለዘጠኙ አሥረኛ ዘፈን

ብዙዎቻችን «ጋሽ ባለዘጠኙ» እያልን የምንጠራቸው ሙዚቀኛ፣ የሽፋን ሠዓሊና ጸሐፊ፣ ከአውቶቡስ መካኒክ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1946 ዓ.ም. ከጋራዡ ጀርባ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ለቤቱ የበኩር ልጅ ነበሩ። እናታቸው ሲያወሩ እንደሰማነው፣ በሕፃንነታቸው የስፌት መኪናው ሲቆም ያለቅሱ፣ ሲጀምር ዝም ይሉ ነበር።

ዕድሜያቸው ሲደርስ በሰፈሩ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ሁለተኛ ደረጃ ተምረዋል። በትምህርታቸው መካከለኛ ቢሆኑም በእጅ ጽሕፈት የሚስተካከላቸው አልነበረም። ጊታር ያስተማሯቸው የጋራዡ ዘበኛ ናቸው። የዘበኛው ጊታር አንድ ክር ስለሚጎድለው፣ በኋላ ሙሉ ጊታር ሲገዙ አንዱ ክር ትርፍ ሆኖባቸው እንደነበር እየሳቁ ይናገሩ ነበር።

በ1964 ዓ.ም. በአንድ ማተሚያ ቤት ተቀጥረው የመጽሐፍ ሽፋንና ማስታወቂያ መሥራት ጀመሩ። ቀን ፊደል ይስላሉ፣ ማታ በሆቴል ይጫወታሉ። በ1970 ዓ.ም. የሒሳብ መምህርት ከሆኑት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሠረቱ። እሳቸው ከሥራ አምሽተው ሲገቡ ደረጃው ላይ እንዳይደናቀፉ፣ ባለቤታቸው የበሩን መብራት ሳያጠፉ ነበር የሚተኙት። በዚህ ምክንያት «የበሩ መብራት» የሚል ዘፈን ሊሠሩላቸው ቃል ገቡ።

አንድ ሙዚቃ ቤት ሥራቸውን አሳትማለሁ ብሏቸው ነበር። ሽፋኑን ግን ሌላ ሰው እንደሚሠራው ሲነገራቸው ተነሥተው ወጡ። ግትር ነበሩ፤ ይህን ቤተሰቡ አይደብቅም። በ1976 ዓ.ም. የመጀመሪያ ካሴታቸውን በራሳቸው ወጪ አወጡ። ስማቸውን የቀየረው ስሕተት የተሠራው ያኔ ነው። ማተሚያ ማሽኑ ቅዳሜና እሑድ ሥራ ፈትቶ ቢያገኙት፣ ቀረጻው ሳያልቅ አሥር ዘፈን የተዘረዘረበትን አንድ ሺህ ሽፋን አተሙ። ዘጠኙ ተቀረጹ። የአሥረኛው የ«የበሩ መብራት» ግጥም አላምር ብሏቸው ሲሰርዙና ሲደልዙ የስቱዲዮው ጊዜ አለቀ። ሽፋኑን ደግሞ ለማተም አቅም ስላልነበረ ካሴቱ እንዳለ ወጣ።

ገዢዎች ካሴቱን ቢገለብጡት፣ ቢያገላብጡት አሥረኛው የለም። የካሴት ሻጮች «ባለዘጠኙ» ሲሏቸው ስሙ በዚያው ጸና። እሳቸውም በሚቀጥለው ካሴት ይመጣል እያሉ ይመልሱ ነበር። ባለቤታቸው ዝርዝሩን በጣታቸው ቆጠሩና፣ «የቀረችው የእኔዋ ናት?» ብለው ብቻ ጠየቁ። ዳግመኛ ጉዳዩን አንሥተውት አያውቁም። አለማንሣታቸው ግን ጋሽ ባለዘጠኙን እረፍት ነሣቸው።

በቀጣዮቹ ዓመታት ሦስት አልበሞች ያለማንም አሳታሚ አውጥተዋል። የፊደል አጣጣል መምሪያና አንድ የአጫጭር ልቦለዶች መድበል ጽፈው አሳትመዋል፤ በጋዜጣም ለረጅም ጊዜ ስለ ሙዚቃ ጽፈዋል። የሁሉንም ሽፋንና ገጽ ያዘጋጁት ራሳቸው ናቸው። ለሳሙና ማስታወቂያ ግጥም በግማሽ ቀን የሚጨርሱ ሰው፣ የሚስታቸው ዘፈን ጠጠር ሆኖባቸው ቀረ። ከሥራ ክፍላቸው አንድ ስንኝ ሲያንጎራጉሩ ይሰማል፤ ቀጥሎ ወረቀት ሲቀደድ ይሰማል። ከግድግዳው ማዶ ባለቤታቸው የተማሪ ፈተና ያርማሉ።

በ2012 ዓ.ም. በጉሮሮ ሕመም ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ ሕይወታቸው ተረፈ፣ ድምፃቸው ግን አልተመለሰም። ከዚያ በኋላ የሚነጋገሩት በትንሽ ሰሌዳ ላይ እየጻፉ ነበር። በችኮላ መጻፍ ስለማይሆንላቸው «ውሃ» የሚለውን ቃል አስጊጠው እስኪጨርሱ ውሃው ቀርቦ ይጠብቃቸው ነበር። በዚህ እሳቸውም ይሳቁ እንጂ፣ ያቺ ዘፈን በድምፃቸው ሳትሰማ መቅረቷ ከሕመሙ በላይ እንዳንገበገባቸው እናውቃለን።

ባለፈው ዓመት በሬዲዮ ጣቢያ የድምፅ ባለሙያ የሆነችው ልጃቸው ሳሎን ውስጥ ማይክራፎን ተከለችላቸው፤ የ«የበሩ መብራት»ን ዜማ ከዳር እስከ ዳር በጊታር ብቻ ተጫወቱት። ልጅቷ ሳይቀደድ የተረፈውን ቃል አንድ ወጣት ዘፋኝ እንዲዘፍነው ሐሳብ አቀረበች። እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን በሥራቸው ሌላ ሰው ያላስገቡ፣ ሰሌዳውን አንሥተው «እናትሽን ጠይቂ» ብለው ጻፉ።

ባለቤታቸው በሩ ሥር ቆመው ይሰሙ ነበር። ለልጃቸው፣ «ተዪው፣ እንዲሁ ይሁን» አሏት። ወደ ባላቸው ዞረውም፣ «ግጥሙን እኔ አውቀዋለሁ። የቀደድከውንም ሁሉ አውቀዋለሁ። በግድግዳው ስሰማህ ነው የኖርኩት» አሏቸው። ጋሽ ባለዘጠኙ ሰሌዳውን አስቀመጡ። የባለቤታቸውን እጅ ይዘው አለቀሱ።

ሕመማቸው ጠንቶባቸው በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ከባለቤታቸው ጋር አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተው፣ ሦስት የልጅ ልጆችም አይተዋል። ይህን የጻፈችው ታናሽ እህታቸው ናት።

ጽሑፉ ተነብቦ ሲያበቃ አሥረኛው ዘፈን ይሰማል። በዚህ ወረቀት ጀርባ የምታዩት የመጀመሪያው ካሴት ሽፋን ነው። ባለቤታቸው ዝርዝሩን ደግመው በጣታቸው ቆጥረውታል፤ አንድም ፊደል አልተነካበትም።

ፈጣሪ የበሩን መብራት አብርቶ ይቀበላቸው። ለባለቤታቸው፣ ለልጆቻቸውና ለሁላችንም መጽናናቱን ይስጠን።