አረንጓዴዋ የአባባ ብስክሌት

ለምሳሳልህ ወንድሜ፣

እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ? ያ የወገብህ ሕመም ተሻለህ ወይስ አሁንም እያነከስክ ነው ሥራ የምትገባው? ባለቤትህና ልጆችህ ደህና ናቸው? «እኛ ደህና ነን» ብዬ ልጽፍልህ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

አባባ ብሶባቸዋል፣ ወንድም ዓለም። ጠዋት ጠዋት «ፖስታው ሳይታደል ረፈደ፣ ብስክሌቴን አምጡ!» እያሉ ከበሩ ጋር ይታገላሉ። ጡረታ ከወጡ ስንት ዘመንዎ ብላቸው ማን ሰምቶኝ! ባለፈው ሳምንት ውሃ ልቀዳ ጀርባዬን ስሰጥ ወጥተው፣ ዋናው መንገድ ላይ የጭነት መኪና ሊድጣቸው ሲል ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው በኮታቸው ጎትቶ አተረፈልኝ። ከዚያ ወዲህ በሩን እቆልፋለሁ። አባቴን የምቆልፍ ልጅ ሆንኩልህ።

ግራ ቢገባኝ ብስክሌቷን ከጓሮ አወጣኋት። ካቴናዋ በዝገት ተጣብቋል፣ ኮርቻዋን አይጥ በልቶታል። በነጭ ጋዝ ዘፈዘፍኩ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩ፣ ጥፍር የሚባል አልቀረኝም። የሰፈሩ ብስክሌት ጠጋኝ ጎማና ፍሬን ገጠመልኝ። እኛ እንደምናውቃት ጥቁር ቀብቼ ፊታቸው ባቆማት፣ አንዴ አየት አድርገው «የሰው ንብረት መልሺ። የእኔ አረንጓዴ ናት» አሉኝ። እዚያው መሬት ላይ ዘጭ ብዬ አነባሁ።

ሲወጣልኝ ቀለሙን መፋቅ ጀመርኩ። ከእኔ ጥቁር ሥር የድሮው ጥቁር፣ ከእሱ ሥር ደግሞ እውነትም አረንጓዴ! ጠጋኙን ብጠይቀው «የኋላ ጎማዋ መሃል ብረቱ ላይ የተሠራችበት ዓመት ይኖራል» አለኝ። ቅባቱን ጠርጌ አገኘሁት። አንተ ስትወለድ የገዟት ይመስለን አልነበር? እማዬን ከማግባታቸውም በፊት የተሠራች ናት። እኛ የምናውቀው ጥቁር ከጊዜ በኋላ የተቀባ ነው። አባባ በሐሳባቸው አሁን ያሉት ገና አረንጓዴ በነበረችበት ዘመን ነው፤ ያኔ አንተም የለህ፣ እኔም የለሁ።

አረንጓዴ ቀባኋት። ትናንት ሲያዩዋት ፊታቸው በራ። ደወሏን ሞከሩ፣ መሪዋን ዳበሱ፣ ግቢው ውስጥ እየገፉ ሲያዞሯት ዋሉ፤ በሩንም ረሱት። ደስ ብሎኝ አጠገባቸው ብቆም እጄን ያዙና «እግዜር ይስጥሽ፣ አንቺ ልጅ። ለመሆኑ የማን ልጅ ነሽ? አባትሽ በሕይወት አሉ?» አሉኝ።

«አሉ» አልኳቸው። ምን ልበል?

ወንድም ዓለም፣ ብቻዬን አልቻልኩም። ፈቃድ ጠይቅ፣ ታመምኩ በል፣ ብቻ ና። አንተንም ላያውቁህ ይችላሉ። ቢሆንም ና፤ እዚህ ቤት ውስጥ እኔን የሚያውቀኝ አንድ ሰው ይኑር።

ባለቤትህን ጉንጯን ሳምልኝ። ትልቋን ልጅህን ግንባሯን፣ ያን እንቅልፍ የሚነሳችሁን ሕፃን ደግሞ እግሩን። ልብስ ሰፊው ሰላም በይልኝ ብሏል። ከአባባ ግን ሰላምታ ልልክልህ አልቻልኩም፤ ይቅር በለኝ።

እህትህ ሚጣ
ከቤታችን፣ ከጓሮው ደረጃ ላይ
እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ኅዳር 9 ቀን